ለክቡር አልስማማም አይጨበጨብም

በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የሌለበት ሰፈር የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ ዛሬውኑ ጓዜን ጠቅልዬ እገባለሁ። ስብሰባ ሲባል ከሁሉ ቀድሞ የፊት ወንበር ይይዛል፤ የተጠራበትን ጉዳይ ከመስማቱ በፊት ተቃውሞ ጨርሷል። ለእኛ ሰፈር የደረሰው ጎረቤቴ ነው። ክቡር አልስማማም እንለዋለን። ክቡርነቱን የሰጠነው እኛ ነን፤ አልስማማምን ግን ራሱ ይዞት መጣ።

ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ «ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ!» ሲል የሰፋው ጉሮሮ ግን ጡረታ አልወጣም። ማይክራፎን ሲያቀብሉት እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። ሲጀምር «አንድ ነገር ብቻ ልበል» ይላል። ይህን ሲል የሚያውቀው ሰው ሁሉ እግሩን ከጫማው አውጥቶ ያፍታታል። ሲጨርስ ደግሞ ጣቱን ወደ ጸሐፊው ቀስሮ «ይመዝገብልኝ!» ይላል።

ያልተቃወመው ምን አለ? የመንገድ መብራት ሲተከል መኝታ ቤቴን አበራብኝ ብሎ ጮኸ። አምፖሉ ሲቃጠል ጨለማ ውስጥ ጣሉን ብሎ ጮኸ። የቆሻሻ ገንዳው እሱ ደጅ ሲቀመጥ ሸተተኝ አለ፤ ሲያነሱት ራቀብኝ አለ። ዛፍ ሊተክሉ የመጡትን ልጆች ጉድጓዱ ጠማማ ነው ብሎ እንደገና አስቆፈራቸው። እውነት ለመናገር ጠማማ ነበር። ግን በላብ የተጠመቀ ልጅ እንዲህ ይባላል?

እኔ አንጀቴ ያረረው ግን በዛፍ አይደለም። በቅያሳችን ነው።

ከቤታችን እስከ ጫማ ሰፊው ደጅ የሚያደርስ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ቅያስ አለ። በቀኝ በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ የድንጋይ ግንብ ነው። የእኔ ሽማግሌ፣ ባለቤቴ፣ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ብቻውን የሚሄድበት መንገድ ይህ ብቻ ነው። ቀኝ እጁን ግንቡ ላይ ያሳርፍና ይሄዳል። ድንጋዩ ሲሻክረው ከልብስ ሰፊዋ በር ፊት ለፊት እንደደረሰ ያውቃል፤ ሲቀዘቅዘው ቧንቧው ጋ ነው። ጫማ ሰፊው ወንበር ይስብለታል፤ ወሬ ይሰማል፣ ይከራከራል፣ ሰው ሆኖ ይመለሳል። እኔ በር ላይ ቆሜ እስኪታጠፍ አየዋለሁ እንጂ አልከተለውም። መከተሌን ካወቀ ቀኑን ሙሉ አያናግረኝም።

ማዘጋጃ ቤቱ ታዲያ ቅያሱን ዘግቶ፣ ግንቡን አፍርሶ፣ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ልሥራበት አለ። ከእኛ ሰፈር መኪና ያለው ሰው ጥሩልኝ ቢባል የሚጠራ የለም። «ነዋሪውን እናወያያለን» ብለው አዳራሽ ሰበሰቡን። ግድግዳው ላይ ባለቀለም ሥዕል ሰቅለዋል። ሕንፃው ያበራል፤ ሥሩ ሰዎች እየሳቁ ይራመዳሉ። አንድም ሽማግሌ የለበትም። አንድም ግንብ ይዞ የሚሄድ የለበትም። እኛን ከሥዕሉ አስቀድመው አስወጥተውን ነው ለውይይት የጠሩን!

ክቡር አልስማማም ያን ቀን ራሱን በለጠ። «መኪና ቆሞ የሚያድርበት ቤት ይሠራለት፣ ሰው የሚሄድበት መንገድ ይፍረስ ትላላችሁ? አልስማማም! ይመዝገብልኝ!» ሲል አዳራሹ ተነቃነቀ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ሽማግሌዬ ከጎኔ ሆኖ መዳፉ እስኪቀላ አጨበጨበ።

ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ ጠበቀ። ለስላሳ ሰው ነው፤ ክራቫቱ እንኳ አይዛነፍም። ጭብጨባው ሲያባራ ወደ ማይክራፎኑ ጎንበስ አለና፣ «ይህ ሞቅ ያለ ጭብጨባ ነዋሪው ለልማቱ ያለውን ድጋፍ ያሳያል። እንግዲህ ዕቅዱ በጭብጨባ ጸድቋል፤ እናመሰግናለን» አለ።

«እናመሰግናለን» ሲባል ደግሞ ሰዉ በልማድ አጨበጨበ! ግንቡን ዳብሶ የሚኖረው የእኔ ሽማግሌ፣ በዚያው መዳፉ ግንቡን ሸኘው።

ብዙም ሳይቆይ ቅያሱ መግቢያ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ፊደል የለየሁት በስተርጅና ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ «በነዋሪው ሙሉ ድጋፍ» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ደሜ ፈላ። ሽማግሌዬ ግንቡን እንደያዘ «ምን ይላል?» አለኝ። «ለማጠቃለያ ስብሰባ ኑ ይላል» አልኩት። ውሸት አልነበረም፤ ከታች ተጽፏል።

ከዚያ በቀጥታ የክቡርነታቸው ቤት ገባሁ።

«አንተ ሰው! መንገዱን ያስበላኸን አንተ ነህ!»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ተቃውሜያለሁ። ይመዝገብልኝ ብያለሁ።»

«የተመዘገበው ጭብጨባው ነው! ማን ቃልህን ሰማ? ጉሮሮህን ወደዱልህ እንጂ!»

ሚስቱ ከጓዳ ሆና፣ «ይንገሩት እትዬ! ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። ጨው በዛ ለማለት እንኳ ከወንበሩ ተነስቶ ነው» አለች።

ሌላ ቀን ቢሆን ለሁለታችንም የሚበቃ መልስ ነበረው። ያን ቀን የሸሚዙን ቁልፍ እያሻሸ፣ «ግን እትዬ፣ በጣም ነበር የተጨበጨበው፣ አይደል?» አለኝ።

እዩት እንግዲህ! ጫማዬን አውልቄ ላቀምሰው ምንም አልቀረኝም። በሩን አላትሜ ወጣሁ።

በማግስቱ በራችን ተንኳኳ። እሱ ነው። እንቅልፍ ያላየው ዓይን ይዞ ቆሟል።

«እትዬ፣ በማጠቃለያው ስብሰባ እኔ ስናገር እንዳያጨበጭቡ። ጋሼም እንዳያጨበጭቡ። እጅዎን ጭንዎ ሥር አድርገው ይቀመጡበት።»

ከእኛ ወደ ልብስ ሰፊዋ ተሻገረ። እሷ አፏ ጤና የለውም።

«ጥሩ ከተናገርክስ?» አለችው።

«በተለይ ጥሩ ከተናገርኩ!»

ቤት ለቤት ሲዞር ዋለ። ጭብጨባ የሚለምን ሰው አይቻለሁ፤ አታጨብጭቡልኝ ብሎ ደጅ የሚጠና ግን በዕድሜዬ አላየሁም። ያውም እሱ! ለአንድ ጭብጨባ ምሳውን ትቶ የሚመጣው ሰውዬ።

ቀኑ ደረሰ፤ አዳራሹ ሞላ። ሁላችንም እጃችን ላይ ተቀመጥን። ክቡር አልስማማም ተነሳና ማይክራፎኑን ገፋ አደረገው።

«አንድ ነገር ብቻ ልበል» አለ። እግሬን ከጫማዬ አወጣሁ።

«አውቶቡስ ላይ ስሠራ፣ በር ከማስዘጋቴ በፊት የሰው እጅ እንዳለበት እንደሌለበት እመለከት ነበር። ጋሼ ግንቡን ይዘው ሲሄዱ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህ መንገድ የሰው እጅ አለበት። አትዝጉት።»

ጨረሰ። እውነትም አንድ ነገር ብቻ!

አዳራሹ ጸጥ አለ። የሽማግሌዬ እጅ ጭኑ ሥር ሲፍጨረጨር ወንበሩ ይነግረኛል። ክቡር አልስማማም በልማዱ ደረቱን ነፍቶ ቆሞ ነበር፤ ጸጥታው ሲረዝም ትከሻው ቀስ እያለ ወረደ። ደጅ ጠንቶ ያመጣው ዝምታ ነው፤ ግን ልጁ በሰው ፊት እንደቆጣው አባት ቀላ።

ሰብሳቢው ጠበቀ። «እናመሰግናለን» አለ። ዝም። «በጣም እናመሰግናለን» አለ። ዝም። መጨረሻ ላይ ራሱ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ጸሐፊው አገዘው። ሁለቱ ጥቂት አጨብጭበው ተያዩና ተዉት።

«እጅ ይቆጠር!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

መንገዱ ይዘጋ የሚል ሲባል እጃችን እንደተቀመጥንበት ቀረ። አይዘጋ የሚል ሲባል የደነዘዘው እጅ ሁሉ ከያለበት እየተጎተተ ወጣ። ሰብሳቢው ክራቫቱን ነካካና፣ «ጉዳዩ ለተጨማሪ ጥናት ተላልፏል» አለ። ተጨማሪ ጥናት ማለት እኛ እስክንረሳው ድረስ ማለት ነው። ይመለሳሉ። ይመለሱ! እጃችንን የት እንደምናስቀምጠው አሁን አውቀናል።

ስንመለስ በቅያሱ ገባን። ክቡር አልስማማም ከፊት፣ ሽማግሌዬ ግንቡን ይዞ ከመሃል፣ እኔ ከኋላ። ቧንቧው ጋ ስንደርስ ዞር አለ።

«እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ንግግሩ እንዴት ነበር?»

ንዴቴ ገና አልበረደልኝም። «ረዘመ» አልኩት።

«አንድ ነገር እኮ ነው የተናገርኩት!»

ሽማግሌዬ ቆመ። በቅያሱ መሃል እጁን ከግንቡ ላይ አነሳ። ዓይኑ ከጠፋ ጀምሮ እዚህ ቅያስ ውስጥ ግንቡን ሲለቅ አይቼው አላውቅም። ትንሽ ወዝወዝ አለና እግሩን አጸና። ከዚያ አጨበጨበ።

ክቡር አልስማማም አንገቱን ደፋ።

እኔ ዞር ብዬ ወደ ኋላ አየሁ። ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ሰው የለም። እኔም አጨበጨብኩ።