የባሕር ዛፍ ዕጣ

መርጦ የማይጨርስ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ወልጃለሁ፤ ተመስገን አምላኬ። ልጄ እንጀራ የሚያበላውን የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሲመርጥ፣ አንዱንም ሳይጀምር ሁለት ዓመት አለፈው።

አንድ ማለዳ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ስንመለስ መንገዱ በጉም ተሸፍኖ ሕልም ይመስል ነበር።

«እማዬ፣ ዕጣ አውጪልኝ። የወጣውን ዛሬውኑ እጀምራለሁ» አለኝ።

ሦስት የባሕር ዛፍ ቅጠሎች ፓይተን፣ ጃቫ፣ ሩቢ ብሎ ሰይሞ መዳፌ ላይ አኖረና ፊቱን አዞረ። ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይ ነፋስ ሁለቱን ወሰዳቸው።

«የቱ ቀረ?»

ቅጠል ከቅጠል በምን ይለያል? ከስሞቹ ያስታወስኩት አንዱን ብቻ ነበር።

«ፓይተን!» አልኩት።

ይኸው ሥራ ከያዘ ዓመት ሆነው። ቅጠሏ ዳዊቴ ውስጥ ናት፤ የትኛዋ እንደሆነች እግዚአብሔር ያውቃል።