ላቱ እጄ ላይ የቀረው የሙዚየም በግ

ዛሬ ያደረግኩትን ብነግራችሁ "እርስዎ? እርስዎማ አያደርጉትም" ትሉኛላችሁ።

አድርጌዋለሁ።

ልጄ ሰናይት ከምንኖርባት ከሞላሌ ራቅ ባለች ከተማ፣ አንዲት ክፍል ብቻ ባላት ሙዚየም አስጎብኚ ሆና ተቀጥራለች። የሙከራ ጊዜዋን ገና አልጨረሰችም። ሥራዋን ልይላት ብዬ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄድኩ።

ሙዚየሙ ውስጥ ያሉት በጃንሆይ ጊዜ ቆዳቸው ተገፎ ጭድ የተሞሉ እንስሳት ናቸው። ቀይ ቀበሮው አንድ ዓይን የለውም። ጭላዳው ጥርሱ እንደታመመ ሰው አፉን ከፍቷል። ይህን ሁሉ ቻልኩት።

በጉን ግን አልቻልኩም።

ሥሩ የተለጠፈው ወረቀት "የመንዝ ሙክት" ይላል። ሰናይትም ሊጎበኙ ለመጡ ተማሪዎች እንዳለ አነበበችላቸው።

ሙክት! ሙክት የሚባለው የተኮላሸ ነው፤ ይህ ግን ያልተኮላሸ አውራ በግ እኮ ነው። ጎንበስ ብሎ ላየ ሰው ማስረጃው በቦታው አለ።

ተማሪዎቹ እስኪወጡ ጠበቅኩና "አንቺ በበግ መሐል ያደግሽ ልጅ፣ እያየሽ ትዋሻለሽ?" አልኳት።

"አባዬ፣ የተጻፈውን ነው የማነበው።"

"የተጻፈ ሁሉ ወንጌል ነው?"

"ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል።"

ይስማ አልኩ። ስለ እውነት ረጅም ስብከት ጀመርኩ። እኔ ስሰብክ እጄ የለመደውን ይሠራል። መቼም የመንዝ ሰው በግ ፊት ቆሞ ወገቡን ጫን፣ ላቱን መዘን ሳያደርግ አይናገርም። ወገቡን ጫን አደረግኩ። ላቱን ከሥር ደግፌ መዘንኩ።

ላቱ እጄ ላይ ቀረ።

ጭዱ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ዘበኛው ከበር ገባና "ማነው የነካው?" አለ።

አሁን ልብ በሉ። ፊደልን ከልጆቼ ደብተር ለቅሜ የተማርኩ፣ "እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር" እያልኩ አምስት ልጅ ያሳደግኩ ሰው፣ ላቱን ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩት።



"እኔ ነኝ፤ ሳጸዳ ተነቀለብኝ" አለች ሰናይት።

የሙዚየሙ ኃላፊ ተጠራ። "በሙከራ ላይ ሆነሽ ቅርስ ትሰብሪያለሽ? ነገ ጠዋት የስንብት ደብዳቤሽን ትወስጃለሽ" አላት።

ያኔ ነቃሁ። ላቱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። "የነቀልኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

ኃላፊው እጄን በሁለት እጁ ያዘ። "አባት፣ ገብቶኛል። የወላጅ ሆድ አይጨክንም። ለልጅ ሲሉ ጥፋት መሸከም የጨዋ ሰው ወግ ነው። ላቱንም እርስዎ ጋ ደበቀችው አይደል?"

ማልኩ። ተቆጣሁ። ጠረጴዛ ደበደብኩ። ሰውዬው እንባ አቀረረ እንጂ አላመነኝም። ይባስ ብሎ ዘበኛው "እንዲህ ያለ አባት ይስጠን" አለ። ምነው በሰደበኝ።

ሰናይት እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል "አባዬ፣ ያኔውኑ ቢናገሩ እኮ ያምንዎት ነበር" አለችኝ።

ይህን የምጽፈው አውቶቡሱ ውስጥ ሆኜ ነው። በወረቀቱም፣ በኃላፊውም ንድድ ብሎኛል። በራሴ የተናደድኩትን ግን የምጽፍበት ቃል አጣሁ።

ኃላፊው ከፌስቡክ እንደማይጠፋ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ላይኩ ይቅርብኝ፣ ሼር አድርጉት። በጉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ልጄ ጥፋት የለባትም። ስድቡን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፣ ቤት ስገባ አነበዋለሁ። ሼሩን ግን አስቀድሙ፤ ቢሮው ነገ በጠዋት ይከፈታል።

ለመሆኑ ዘግይቶ እውነት የተናገረ አባት እንዲታመን ስንት ሼር ያስፈልገዋል?