መርከቧ መንገድ በመለወጧ በሰቆጣ የተጠራ አስቸኳይ የሰርግ ኮሚቴ ስብሰባ

ቀን፦ ሐሙስ የካቲት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ቦታ፦ ሰቆጣ ከተማ፣ በወ/ሮ ባንቺ ግቢ ለሰርግ በተጣለው ዳስ ውስጥ። (ቦታው በስብሰባው መሃል ተለውጧል፤ ምክንያቱ በቦታው ተገልጿል።)

ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡00 ተብሎ ተጠርቶ 9፡00 ላይ ተጀመረ። ሊቀመንበሩ የዘገዩት ሁሉ ይቅርታ እንዲጠይቁ ካሳሰቡ በኋላ በመጨረሻ የደረሱት እሳቸው መሆናቸው ስለተነገራቸው ማሳሰቢያው ታልፏል።

የተገኙ አባላት፦
አቶ የሻምበል፣ ሊቀመንበር፣ ቀድሞ የመናኸሪያ ስምሪት ሠራተኛ የነበሩ
መሪጌታ ወልደ ገብርኤል፣ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ
አቶ ካሤ፣ የሙሽራው አጎት፣ በሙሽራው ወገን
ወ/ሮ እናትነሽ፣ የጠላና የምግብ ኃላፊ
ወ/ሮ ባንቺ፣ የሙሽሪት እናት
ወ/ሪት ፀደይ፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ አቶ ደግሰው፤ ለሰርጉ የተገዛውን በሬ ሊነዱ ጋዝጊብላ ሄደው ስላልተመለሱ።

ያለ ድምፅ የተገኘ፦ ዲያቆን ኤርምያስ። ሙሽራው እሱ ቢሆንም የኮሚቴው አባል ስላልሆነ ሐሳብ መስጠት እንደማይችል ተነግሮት ዳር ላይ ተቀምጧል።

ከሰባት አባላት ስድስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ አንድ፦ መርከቧ ያለ ኮሚቴው ዕውቅና መንገድ መለወጧ

ሊቀመንበሩ ስብሰባው ለምን እንደተጠራ አስረድተዋል። ሙሽሪት የትናየት ከአገር ከወጣች ሦስት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ዱባይ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ በኋላ በትልቅ የሽርሽር መርከብ ላይ የእንግዶችን መኝታ ክፍል አጽጂ ሆና ተቀጥራለች። ውሏ የሚያበቃው ዛሬ ነበር። መርከቧ ዛሬ ሞሪሸስ ትገባለች፣ ልጅቷ ወርዳ ነገ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ትደርሳለች፣ ቅዳሜ በላሊበላ በኩል ሰቆጣ ትገባለች፣ እሑድ በቅበላው ትዳራለች ተብሎ ነበር የታቀደው። ሰኞ ዓቢይ ጾም ስለሚገባ ከእሑድ በኋላ እስከ ፋሲካ ድረስ ሰርግ የለም።

ዛሬ ጠዋት ከሙሽሪት የመጣው የድምፅ መልእክት በወ/ሮ ባንቺ ስልክ ለጉባኤው ተሰምቷል። ቃሉ እንዲህ ይላል፦ «እማዬ፣ አትደንግጪ፤ እኔ ደህና ነኝ። ወደ ሞሪሸስ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው አሉ፤ ካፒቴኑ ወደቡን ትቶታል። ሳይደርስብን ወደ ሰሜን ዞረን እየፈጠንን ነው። ሰኞ ሲሼልስ እንገባለን ይላሉ፤ እሱም አየሩ ከፈቀደ ነው። እንግዶቹ ሁለት ወደብ ቀረብን እያሉ ሲጨቃጨቁ ነው ያደሩት። እኔ ግን ለሰርጌ አልደርስም፣ እማዬ። ኤርምያስን ይቅርታ በይልኝ…»

እዚህ ላይ መልእክቱ ተቋርጧል። ሊቀመንበሩ የኔትወርክ ችግር እንደሆነ ቢገልጹም፣ ወ/ሮ ባንቺ ኔትወርክ ሳይሆን ልቅሶ መሆኑን አርመዋል።

ጸሐፊዋ ከሙሽሪት ጋር አብራ የተማረች በመሆኗና አልፎ አልፎ ስለሚጻጻፉ፣ የመርከብ ሥራ እንዴት እንደሆነ እንድታስረዳ ተጠይቃ አስረድታለች። ማዕበል ሲመጣ ከቀናት በፊት ለመርከቡ ወሬው እንደሚደርስ፣ ካፒቴኑ አንዳንዴ ወደቡን እንደሚዘል፣ አንዳንዴ የወደቦቹን ተራ እንደሚያገላብጥ፣ አንዳንዴም ማዕበሉ እስኪያልፍ ሌላ ባሕር ላይ እንደሚቆይ፣ እንግዶች ቢቆጡም እንደማይሰማቸው ገልጻለች።

አቶ የሻምበል ማብራሪያው አላረካቸውም። ሃያ ዓመት ስምሪት ላይ ሲሠሩ ትኬት ከተቆረጠ በኋላ መስመር የለወጠ ሹፌር አጋጥሟቸው እንደማያውቅ፣ ካጋጠማቸውም እንደማይተርፍ ተናግረዋል። ክረምት ላይ ወንዝ ሲሞላ ሹፌር ማድረግ ያለበት ዳር ይዞ መቆም፣ ውሃው ሲጎድል መሻገር እንደሆነ፣ ካፒቴኑም ዳር ይዞ መቆም ሲገባው ወደ ሌላ አገር መሄዱ የሥነ ምግባር ጉድለት መሆኑን አስረድተዋል። ዲያቆን ኤርምያስ እጁን አውጥቶ ባሕሩ መሃል ዳር እንደሌለ ለመናገር ሲጀምር ያለ ድምፅ የተገኘ መሆኑ ተነግሮት ተቀምጧል።

ወ/ሮ እናትነሽ መርከቧ ምን ያህል ሰው እንደምትይዝ ጠይቀዋል። ከሦስት ሺህ በላይ እንደሆነ ሲነገራቸው «ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ማን ነው የሚጋግርለት?» ብለው ደንግጠዋል። በዚህ ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጎ ከአጀንዳው ውጭ መሆኑ ዘግይቶ ታውቋል።

አቶ ካሤ፣ ካፒቴኑ የሦስት ሺህ ሰው ነገር ካሳሰበው የአንድ ሰርግ ነገርም ሊያሳስበው ይገባ እንደነበር፣ የጥቂት ቀን ነፋስ መቻል ያቃተው ሰው ባሕር ላይ ምን እንደሚሠራ ጠይቀዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የተወሰነ፦ ካፒቴኑ በፈጸመው ስህተት ጽኑ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው፣ መርከቧም ባስቸኳይ ወደ ቀድሞ መስመሯ እንድትመለስ በአምስት ድምፅ ተወስኗል። ወ/ሮ ባንቺ ድምፅ አልሰጡም። ጸሐፊዋ ድምፅ የሰጠችው አጀንዳው እንዲያልቅ ብላ ነው። ማስጠንቀቂያው በምን በኩል እንደሚደርሰው ወደፊት ይታያል ተብሏል።

አጀንዳ ሁለት፦ የጠላው ሁኔታ

ወ/ሮ እናትነሽ ሪፖርት አቅርበዋል። ድፍድፉ ትናንት ውሃ እንደገባበት፣ እሑድ በትክክል እንደሚደርስ፣ ከእሑድ ካለፈ ግን ሆምጣጤ እንደሚሆን፣ ጠላ እንደ መርከብ ወደ ሰሜን ዞሮ እንደማይመለስ ገልጸዋል። ድፍድፉን ውሃ ከማስገባታቸው በፊት ለምን ከመርከቡ ወሬ እንዳልጠበቁ በሊቀመንበሩ ሲጠየቁ በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣንኛ መልሰዋል። አብዛኛው ሰው ስለገባው ጸሐፊዋ መተርጎም አላስፈለጋትም።

መሪጌታ ወልደ ገብርኤል፣ የጾሙ መግቢያ በባሕረ ሐሳብ ተቀምሮ ያደረ በመሆኑ በማንም ካፒቴን ምክንያት አንድ ቀን ወደ ኋላም ወደ ፊትም እንደማይል አሳስበዋል። ሊቀመንበሩ ጾሙ ቢያንስ እስከ ረቡዕ ሊታገሥ ይችል እንደሆነ ሲጠይቁ፣ መሪጌታ ለጥያቄው መልስ መስጠት እንደማያስፈልግ በአክብሮት ገልጸዋል።

የተወሰነ፦ ጠላው ስለማይጠብቅ፣ ጾሙም ስለማይጠብቅ፣ ሰርጉ እሑድ እንዲደረግ። ሙሽሪት በሌለችበት እንዴት እንደሚደረግ በሚቀጥለው አጀንዳ እንዲታይ።

አጀንዳ ሦስት፦ የሙሽሪት አለመኖር

ሊቀመንበሩ የሙሽሪት ፎቶ በትልቁ ታትሞ፣ ቬሎ ተደርጎለት፣ ከሙሽራው አጠገብ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቅርበዋል። መሪጌታ ተክሊል በፎቶ ላይ እንደማይደፋ ተናግረዋል። ሊቀመንበሩ ፎቶው ባለ ቀለም እንደሚሆን አክለዋል። መሪጌታ ቀለሙ ለውጥ እንደማያመጣ ተናግረዋል።

አቶ ካሤ ሌላ ሐሳብ አቅርበዋል። ኒሯቅ ከተማ ውስጥ የሚስታቸው እህት ልጅ እንዳለች፣ ጨዋና ሥራ ወዳድ እንደሆነች፣ ባሕር የሚባል ነገር አይታ እንደማታውቅ፣ ዛሬ ተደውሎላት ቅዳሜ በሚኒባስ እንደምትደርስ ገልጸዋል። ድግሱ ተደግሶ፣ ዳሱ ተጥሎ፣ ሽማግሌ ተጠርቶ ሰው ሊስቅብን አይገባም፤ የጎደለችው አንዲት ሙሽራ ብቻ ናት፣ እሷም ልትተካ ትችላለች ብለዋል።

በዚህ ጊዜ ዲያቆን ኤርምያስ ከመቀመጫው ብድግ ማለቱ፣ ሊቀመንበሩም ያለ ድምፅ መሆኑን ለሦስተኛ ጊዜ ማሳሰባቸው ተመዝግቧል። ወ/ሮ ባንቺ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። ጸሐፊዋ «ልትተካ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ሰርዛ መልሳ እንደጻፈችው ትገልጻለች፤ ለቃለ ጉባኤ አግባብ አለመሆኑንም ታውቃለች።

ለድምፅ ቀረበ። ወ/ሮ ባንቺ ጉዳዩ ስለሚመለከታቸው ድምፅ እንዳይሰጡ ተደረገ። አቶ ካሤ ጉዳዩ እንደማይመለከታቸው በማስረዳታቸው ድምፅ ሰጡ። ሦስት ደገፉ፤ መሪጌታ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፤ ጸሐፊዋ ተቃወመች። ሊቀመንበሩ ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይቃወምም በማለታቸው ተቃውሞዋ ተጽፎ አልተቆጠረም።

የተወሰነ፦ የትናየት እስከ ቅዳሜ ማታ ሰቆጣ ካልደረሰች እጮኝነቱ እንደፈረሰ ይቆጠራል። የኒሯቋ ልጅ በተጠባባቂነት ትጠራለች።

የስብሰባው ቦታ መለወጥ

ሊቀመንበሩ ውሳኔውን ለመፈረም ብዕር ሲያነሱ ከተራራው በኩል ድንገት ነፋስ ተነሥቷል። አቧራው ግቢውን ሞላው፤ የዳሱ ሸራ ተነፋ፤ አንደኛው ቋሚ ዘመም አለ። ሊቀመንበሩ ጉባኤውን ሳያማክሩ፣ ድምፅ ሳያሰጡ፣ አስቀድሞም ማስታወቂያ ሳያወጡ ስብሰባው ወደ ወ/ሮ ባንቺ ቤት እንዲዛወር አዘው እሳቸው ቀድመው ገብተዋል። አቶ ካሤ ወንበራቸውን ራሳቸው ላይ ደፍተው ተከትለዋል። ወ/ሮ እናትነሽ ለጠላው ሲጮሁ «ጠላው ይቅር! ሰው ይትረፍ!» ያሉት አቶ ካሤ መሆናቸው በሁሉም ተሰምቷል። ዲያቆን ኤርምያስ ብቻ ቋሚውን ይዞ በመቆሙ ወ/ሮ ባንቺ «ልጄ፣ ልቀቀው! ሸራ ነው፤ ይውደቅ!» ብለው እጁን ይዘው አስገብተውታል። ሸራው ወድቋል። ሰው አልተጎዳም።

ቤት ውስጥ የተደረገ ውይይት

ሁሉም አቧራውን አራግፎ ከተቀመጠ በኋላ ሊቀመንበሩ ፊርማው እንዲቀጥል ጠይቀዋል። ወ/ሮ ባንቺ ከስብሰባው መጀመሪያ አንሥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የመናገር ዕድል እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ሊቀመንበሩ በአጭሩ እንዲሆን ፈቅደዋል። የተናገሩት እንዳለ የሚከተለው ነው፦

«አቶ የሻምበል፣ እርስዎን አከብርዎታለሁ። አሁን ግን ለአንድ ሸራ ነፋስ ማንንም ሳይጠይቁ ተነሥተው ገቡ። ደግ አደረጉ፤ ማን ይቆጣዎታል? ያ ሰውዬ ደግሞ ልጄንና የሰው ልጆችን ሁሉ ከዚህ ከሚበልጥ ነፋስ ይዞ ሸሸ። እናንተ ልጄን ወደ ነፋሱ መልስ ብላችሁ ጻፋችሁበት። ቢሰማችሁስ? ቢመልሳትስ? ለማን ነበር ድግሱ? እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ስልክ በጮኸ ቁጥር ክፉ ወሬ ነው እያልኩ ነው የማነሣው። ዛሬ ልጄ ማዕበል ሽሽት ላይ ነኝ አለችኝ፤ እኔ ደስ ነው ያለኝ። እናንተ ጠላው ይሆመጥጣል ትሉኛላችሁ።»

ሊቀመንበሩ ሳይፈርሙ ብዕሩን አስቀምጠዋል።

መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ዲያቆን ኤርምያስ ድምፅ እንዲሰጠው ሐሳብ አቀረቡ። ሊቀመንበሩ ደንቡ እንደማይፈቅድ ሊያስረዱ ጀምረው ወ/ሮ ባንቺን አይተው ትተውታል። ዲያቆን ኤርምያስ እንዲህ ብሏል፦ «እኔ የማገባው የትናየትን ነው። ጠላውን አይደለም።» ወ/ሮ እናትነሽ ቅር መሰኘታቸውን ገልጸዋል። እሱም እሳቸውን ይቅርታ ጠይቆ፣ ጾሙ ገብቶ እንደሚፈታ፣ ያኔም እንደሚጋቡ፣ ለእሑድ ብላ ከምትጣደፍ ከፋሲካ በኋላ በደህና ብትመጣለት እንደሚመርጥ ተናግሯል። አጎቱ አቶ ካሤ የኒሯቋን ልጅ ጉዳይ ሊያነሡ ሲሉ «አጎቴ፣ እሷም ታሳዝናለች፤ የሰው መተኪያ አይደለችም» ብሏቸዋል። አቶ ካሤ ሐሳባቸውን መልሰው ወስደዋል፤ ይህም በኮሚቴው ታሪክ የመጀመሪያው ነው።

ወ/ሮ ባንቺ በጉባኤው ፊት ለሙሽሪት የድምፅ መልእክት ልከዋል። ሰርጉ እንደቆየላት፣ ኤርምያስ እንዳልተቆጣ፣ ካፒቴኑ ውረዱ እስኪል ድረስ ከመርከቧ እንዳትወርድ ነግረዋታል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልስ መጥቷል። ጸሐፊዋ መልሱን አልጻፈችም፤ ለኮሚቴ የተላከ ስላልሆነ።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከላይ በአጀንዳ አንድ፣ ሁለትና ሦስት የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል።

ካፒቴኑ መርከቧን ከማዕበሉ ማራቁ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ወ/ሮ ባንቺና ዲያቆን ኤርምያስም ድምፅ ሰጥተዋል። አቶ የሻምበል ካፒቴኑ ማጽደቂያውን እንዳልጠየቀ ቢያስታውሱም ከማጽደቅ አልተቆጠቡም።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሙሽሪትና ሙሽራው በሚስማሙበት ቀን ይደረጋል። ኮሚቴው ቀኑን አይቆርጥም። ስለ ባሕርም ከእንግዲህ አይወስንም።

ጠላው እሑድ ለቅበላው ለጎረቤት ይጠጣል። አቶ ደግሰው በሬውን መልሰው ወደ ጋዝጊብላ እንዲነዱ ይነገራቸዋል፤ ማን እንደሚነግራቸው ግን ስምምነት ላይ አልተደረሰም።

በመጨረሻ ወ/ሮ ባንቺ ለካፒቴኑ አንድ ቃል በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍርላቸው ጠይቀዋል። ካፒቴኑ አማርኛ እንደማያነብ፣ ቃለ ጉባኤውም ከሰቆጣ እንደማይወጣ ተነግሯቸው፣ ቢሆንም ይጻፍልኝ ብለዋል። የሰፈረው ቃል፦ «ልጄን ከነፋስ ላሸሸልኝ ሰው እግዜር ይስጥልኝ። እሱም እናት ያለችው ሰው መሆን አለበት።»

ስብሰባው ከምሽቱ 12፡00 ላይ ተበተነ። ሁሉም ፈርመዋል።