የቀለም ጠብታዋ ልጆች

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ብሳሳት ይቅር በሉኝ።

ሰው ሲሞት ዘመዱ ለምን ይበዛል? ቤታቸውን የማጸዳላቸውን የሃንጋሪ ሰዓሊ፣ በሕይወት ሳሉ የካ ሚካኤል ውስጥ ሰላም የሚላቸው አልነበረም። ሲሞቱ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ሥዕሎቻቸውን ለጎረቤት አሳዩ። አንዱ ላይ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት አለች። ሰዓሊው መሣል የሚወዱት ብርሃንን እንጂ መልክን አይደለምና ፊቷ የቡናማ ቀለም ጠብታ ብቻ ነው።

«እናቴ ናት!» አለ አንዱ።

«ሂድ ወዲያ፣ የእኔ ናት!» አለች ሌላዋ።

እስኪመሽ ያቺ ጠብታ ዘጠኝ ልጆች ወለደች።

እኔ የሰዉን ስኒ መሰብሰብ ጀመርኩ። የሞተችው እናቴም እንጨት ተሸካሚ ነበረች፤ አንድ ፎቶዋ እንኳ የለኝም። ሰዉ ሲወጣ እንደምንም ደፍሬ፣ «እትዬ፣ ይቺ ሴት ማን ናት?» አልኳቸው።

«እናትሽ ናት። እንዳንቺ አፋር ነበረች፤ ባለቤቴ ሲሥላት ቀና በይ ቢላት አቀረቀረች። እስቲ አንቺ ቀና በይ፣ ፊቷን ልየው።»