የሳማው ካባ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረቱን እናንተው ሙሉ። ድሮ፣ እንስሳት ሹመትና ሽልማት ይወዱ በነበረበት ዘመን (ዛሬማ ማን ይወዳል!)፣ አያ ከርከሮ የሚባል ቆፋሪ ነበር። በድርቁ ወራት ሥራ ሥር ሲቆፍር ምንጭ አወጣና ጫካው ሁሉ ከጥም ዳነ። ንጉሡ አንበሳም ደስ ብሎት በአደባባይ ካባ አለበሰው። ካባውን የሰፋችው ጦጣ ለምለም ቅጠል ብትፈልግ፣ በዚያ ድርቅ ያገኘችው ሳማ ብቻ ነበር።

ከርከሮን ከዚያው ዕለት ጀምሮ ያሳክከው ጀመር። ሰውነቱ ሽፍ አለ። ከግንድ ከድንጋይ ሲተሻሽ ይውላል፤ እንቅልፍ አጥቶ ከሳ።

"ኧረ በሞቴ፣ ካባውን አውልቀው!" አለችው ሚስቱ።

"ዝም በይ! ንጉሥ ያለበሰውን አውልቆ በሕይወት የኖረ ማን አለ? ሐኪም አውልቅ ካለኝ ግን አወልቃለሁ።"

ሐኪሙ ዝንጀሮ መጣ። ካባውን ገለጥ ሊያደርግ ሲነካው እጁን ለበለበው። ዋይ ሊል ሲል የማን ካባ እንደሆነ ትዝ አለው። እጁን ብብቱ ውስጥ ወሸቀና፣ "የምግብ ነው፤ ሥራ ሥር ተው" አለ።

ከርከሮ ጦሙን ዋለ፤ ማሳከኩ ግን አልጦመም። ጉጉት ዛፍ ላይ ሆና በሩቁ አየችውና፣ "የሐሳብ ነው፤ አታስብ" አለችው። ላለማሰብ ሲያስብ ሰነበተና ባሰበት። ኤሊ ደግሞ፣ "የአያትህን ቆዳ ሳላይ አልናገርም" አለ። አያትየው ከሞቱ ሰባት ዓመታቸው ነበር።

በመጨረሻ ሐኪሞቹ ንጉሡ ፊት ሸንጎ ተቀመጡ። ዝንጀሮ ያበጠ እጁን ከኋላው ደብቆ ተነሣ።

"ጃንሆይ፣ በሽታው ሊታወቅ አልቻለም።"

ከርከሮ አላስቻለውም። "ጌቶቼ፣ ምናልባት... ከላይ የለበስኩት ነገር ቢታይ?"

"ከላይ ያለው ክብር ነው" አለ ዝንጀሮ ቶሎ ብሎ፤ "ክብር ደግሞ አያሳክክም!"

ሁሉም አጨበጨቡ። ዝንጀሮ ብቻ በደህና እጁ ጉልበቱን መታ።

አንበሳ ዕንባው መጣ። "ይህን ሁሉ ሲሠቃይ አንድ ቀን እንኳ ካባዬን አላወለቀም! ለትዕግሥቱ ሌላ ካባ ይደረብለት። ለሚስቱም ይሰፋላት!"

ጦጣ ሳማ ልትለቅም ሮጠች። ከርከሮ ንጉሡ እግር ላይ ወድቆ ጮኸ፦

"ጃንሆይ፣ በሽታውንስ እችለዋለሁ፤ ከሽልማቱ ይማሩኝ!"