ፌስቡክን ለተወ ሰው መርዶ

ፌስቡክን የተወ ሰው እንደ አዲስ ጿሚ ነው፤ የራሱ ረሃብ ሳይሆን የእናንተ መብላት ያስጨንቀዋል። በየከተማው እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ለአርሲዋ ሮቤ የደረሷት ክቡር መምህር ወንድምአገኝ ናቸው። አሰላ ላይ የባጃጅ መለዋወጫ ለሚሸጠው ለአብሮ አደጋቸው ለይርሳው ግን ክብር ብሎ ነገር የለም፤ ሰውዬው ወንዴ ነው፣ አለቀ።

ወንዴ ሲወጣ በጸጥታ የወጣ እንዳይመስላችሁ። «ይህን የነጋዴ መንደር ለቅቄ ወጥቻለሁ» የሚል፣ ከድርጅት የአቋም መግለጫ የረዘመ ጽሑፍ እዚያው ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። ከዚያ ሰፊው ሕዝብ «አትሂድብን» እንዲለው በሩ ላይ ቆሞ ሲያጮልቅ ሰነበተ። የሚለምነው ሲጠፋ ተናዶ የምር ወጣ። ይርሳው እስከ ዛሬ ያልገባው ይኼ ነው፤ ሰው ከገበያ ወጥቶ ወዴት ይሄዳል?

ወንዴ የሄደው ወደ ራሱ ገጽ ነው። በአሮጌ ላፕቶፑ ሠርቶ «ቤቴ» ይለዋል። ማስታወቂያ የለው፣ ላይክ የለው፣ ተመልካች የሚቆጥር የለው። ስለ ሮቤ የጭቃ ዓይነቶችና ዱሮ አሰላ ላይ ስለነበሩ የጋሪ ፈረሶች ይጽፍበታል። አስተያየት ያለው ኢሜይል ይልካል፤ ክቡርነታቸው ሲመቻቸው ይመልሳሉ። «ምነው ቆየህ?» ላላቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «አይቸኩልም።»

አሰላ በመጣ ቁጥር የይርሳውን ባንኮኒ ተደግፎ ይሰብካል።

«አንድ ጎረቤት አገኘሁ» አለው በመስከረም።

«ሮቤ?»

«ኧረ ኢንተርኔት ላይ! ከዓለም ጫፍ ያለ ሽማግሌ ነው። ጓሮው ስለዘነበው ዝናብ ይጽፋል።»

«ስለ ዝናብ ብቻ?»

«ካልዘነበ አይጽፍም።»

«ማን ያነበዋል?»

«እኔ።»

«እና ምን ይሸጣል?»

«ምንም።»

ይርሳው ግራ ገባው። ምንም የማይሸጥ ሰው አሰላ ላይ ቢገኝ ወይ አሞታል ወይ ደህንነት ነው።

የይርሳው አባት፣ ባለ ጋሪው ጋሽ ገብረ መድህን፣ ያረፉት በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ነበር። ይርሳው ፎቶአቸውን ከሻማ ሥዕልና ከሰው ገጽ ከገለበጣት አንዲት መስመር ጋር ለጠፈ፤ የሚያለቅስ ፊት እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደለት። ድንኳኑም ሞላ፤ ግማሹ ለቀስተኛ ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ። ወንዴ ግን የለም። ቀብር ላይ የለም፣ ሣልስት ላይ የለም። እዚያ ጋሪ ላይ ያደገ፣ ከጋሽ ገብረ መድህን ትሪ ላይ እየተሻማ የበላ ሰው!

«ከእንግዲህ እኔም ስሞት እንዳይሰማ!» አለ ይርሳው። አርባው ሲቃረብ የጓደኝነታቸውንም አርባ አብሮ ሊያወጣ ቆርጦ ነበር።

ጎረቤቱ ሙህሲን፣ ሞባይል ጠጋኙ፣ ይህን ፉከራ ሲሰማ ከርሞ አንድ ቀን ታከተው።

«ለመሆኑ ማን ነገረው?»

«ለጥፌዋለሁ እኮ!»

«እሱ እኮ ወጥቷል።»

«ይግባ!»

«ደወልክለት?»

«መርዶ በስልክ? ነውር አይደለም እንዴ ሙህሲን?»

«ወላሂ ነውር ነው። ያን ሁሉ የሚያለቅስ ፊት የሰበሰብከው በምንድን ነው ታዲያ፣ በጥሩምባ?»

ይርሳው አገር ምድሩን በስልክ አረዳ፤ የልብ ወዳጁን በስልክ ማርዳት ነውር ነው ብሎ ተወው። ጥፋቱን ላለመዋጥ ግን «እስቲ ያን ገጹን ክፈትልኝ፤ ለቅሶ ቀርቶ ሲሠራ የከረመውን ልየው» አለ።

ሙህሲን ከፈተለት። ነጭ። ጽሑፍ ብቻ።

«ተበላሽቷል?»

«ኧረ ደህና ነው። እንዲህ ነው መልኩ።»

«የሚጫኑት የታል?»

«የሚጫኑት የለም። አንብብ።»

ማንበብ! ይርሳው በጣቱ ወደ ታች ገፋ፣ ገፋ፣ ገጹ አለቀና ቆመ። የሚያልቅ ኢንተርኔት አይቶ አያውቅም። ግራ እንደገባው ተመልሶ ከላይ ጀመረ። የላይኛው ጽሑፍ ከቀብሩ በኋላ የተጻፈ ነው።

«ጋሼ ገብረ መድህን፣ ዕድሜ ይስጥልንና፣ ፈረሳቸውን መንገድ ላይ ዳማ ይሉት ነበር። ማታ ልጓሙን ሲፈቱለት ግን በጆሮው የሚጠሩት ሌላ ስም ነበረው። ለእኔ ነግረውኝ አያውቁም። ለፋሲካ አሰላ ስሄድ እጠይቃቸዋለሁ። አይቸኩልም።»

ዕድሜ ይስጥልን። አገር ሁሉ ነፍስ ይማር ብሎ በጨረሰ ሰሞን፣ እዚህ ነጭ ገጽ ላይ ብቻ አባቱ በሕይወት አሉ። ሄዶ የሚገድላቸው ደግሞ እሱ ነው። ይርሳው ስልኩን ለሙህሲን መለሰና ሱቁን መዝጋት ጀመረ።

መርዶ በማለዳ ነው፤ ሰው እንቅልፉን ሳይነጠቅ፣ ጎረቤት ከቤቱ ሳይወጣ። ስለዚህ እሱና ሙህሲን በዋዜማው ሮቤ ገብተው አንድ አልቤርጎ ውስጥ ሊደበቁ ተስማሙ። ከሚኒባስ ሲወርዱ ከማን ጋር ፊት ለፊት ቢጋጩ ጥሩ ነው?

«ይርሳው! ምን እግር ጣለህ?»

«ስንዴ... ስንዴ ልናይ ነው።»

«የባጃጅ ነጋዴ ስንዴ?»

«ዘመኑ ነው» አለ ሙህሲን፣ መሬት መሬት እያየ።

አልቤርጎው ቀረ። ክቡርነታቸው እየጎተቱ ቤታቸው አስገቧቸው፤ ሽሮ አቀረቡ፣ ስለ ዝግታ አብዮት ሰበኩ። ሌላ ቀን ቢሆን ይርሳው አፉን ያስይዘው ነበር። ያን ምሽት ግን አደመጠ።

«ጋሼስ ደህና ናቸው?»

«ይመስገን» አለ ይርሳው። ሙህሲንን ውሃ አነቀው።

«የፈረሱን ስም ልጠይቃቸው ነው። አንተ ታውቀዋለህ አይደል? እንዳትነግረኝ! ከእሳቸው አፍ ነው የምፈልገው።»

ሊነጋጋ ሲል ሙህሲን ሹልክ ብሎ ጎረቤቶቹን አስነስቶ ደጃፍ ላይ አቆማቸው። ወንዴ ጋቢውን እንደለበሰ ወጥቶ አያቸው። በዚያ ሰዓት ደጁ ላይ ሰው ተሰብስቦ ያየ ማብራሪያ አይጠይቅም።

«ማን ነው?» አለ ብቻ።

«አባዬ።»

«ጋሼን! ጋሼዬን!» ብሎ ደረቱን መታ። ወገቡን ሊይዝ የተጠጋውን ይርሳውን ይዞት ወደቀ። ያን ሁሉ የሚያለቅስ ፊት የቆጠረው ይርሳው፣ እውነተኛ እንባ አንገቱ ላይ ሲፈስ ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ እንግዳ ሲቀበል ያመለጠውን ለቅሶ እዚያ አፈር ላይ አለቀሰው። ጎረቤቶቹ ማን አርጂ፣ ማን ተረጂ እንደሆነ ስለጠፋባቸው ሁለቱንም ደገፏቸው።

ረፋድ ላይ ወንዴ ዓይኑን ጠርጎ «በል ንገረኝ» አለ።

«ምኑን?»

«ስሙን ነዋ።»

ይርሳው ዞር ዞር ብሎ አየ፤ የልጅነት ፍርሃት መቼም አይለቅም። «ጓድ ሊቀመንበር» አለ በሹክሹክታ።

ጋሽ ገብረ መድህን፣ ቀበሌ ለአንዲት ቃል ሰው አስሮ በሚያሳድርበት በደርግ ዘመን፣ ጓድ ሊቀመንበርን ቀኑን ሙሉ በአለንጋ ሲሾጡት ውለው ማታ ገለባ ያቀርቡለት ነበር። ለቀስተኛው መጀመሪያ አፉን ያዘ። ከዚያ ሳቁ አፈተለከ፤ ወንዴ ከሁሉ ብሶ እያነባ ሳቀ።

ይርሳው ዛሬም ፌስቡክን አልተወም፤ ወንዴንም ማላገጥ አልተወም። ግን ጠዋት ሱቁን እንደከፈተ ነጩን ገጽ ያያል። የፈረሱ ስም አልተጻፈም። በማግስቱ አየ፣ የለም። ተናዶ በዕድሜው የመጀመሪያውን ኢሜይል ላከ፤ «አንተ ሰውዬ፣ ነገርኩህ አይደል? ምን ትጠብቃለህ?»

መልሱ ሰንብቶ መጣ። ይርሳውን የገረመው የመልሱ መቆየት አልነበረም፤ እሱ ራሱ ቁጭ ብሎ መጠበቁ ነው።

«አንተን» ይላል። «ቦታውን ትቼልሃለሁ። ጻፈውና ላክልኝ።»

ይርሳው የሰው ጽሑፍ ሲያጋራ ውሎ የሚገባ ነው። ስለ አባቱ ያወጣው ግን ያቺን ከሻማው ጋር የተገለበጠች አንዲት መስመር ብቻ መሆኑ ያኔ ታወቀው። ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ «አባዬ ፈረስ ነበረው» ብሎ ጀመረ። ከዚያስ? ጠፋበት። ሰረዘው። መልሶ ጻፈው።

ውጭ አንድ የባጃጅ ሾፌር ክላክሱን ያንባርቃል። «ጋሽ ይርሳው! የፍሬን ሸራ! ቶሎ ይበሉ እንጂ!»

ይርሳው ቀና አላለም። «አይቸኩልም» አለው።

ሾፌሩ ፍሬን አልባ ባጃጁን አየ፣ የአሰላን ቁልቁለት አየ፣ ይርሳውን አየ። ግራ ገባው።