ክዳን አንሺው ፓክ ሙጊዮኖ እና አልበላም ያለችው ዘንዶ

የተዘጋ ነገር ሲያይ የተሰደበ የሚመስለው የሰው ዓይነት አለ። ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ ይመደባል፤ ሁለት ከተመደበ ሰፈሩ ይፈርሳል። ድስት ተከድኖ ካየ ይከፍታል፣ መጋረጃ ተጋርዶ ካየ ይገልጣል። ሕፃን ተሸፋፍኖ ካየማ ጨርቁን ገልጦ "ውይ፣ ተኝቷል እኮ!" ይላል። ልጁ ነቅቶ ሲያለቅስ ደግሞ "ይኼ ልጅ እንቅልፍ የለውም፣ ሐኪም አሳዩት" ብሎ ይሄዳል።

ዮግያካርታ ውስጥ፣ ወንዙ ዳር ላለችው ለእኛ ጠባብ መንደር የደረሱን ክቡር ፓክ ሙጊዮኖ ናቸው። "ፓክ" በእኛ አገር አባባ እንደ ማለት ነው፣ ለሴት ደግሞ "ቡ" እንላለን፤ "ክቡር" የምላቸው ግን ስናደድ ነው። በዚህ ዓመት ሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም።

ክቡርነታቸው ሠላሳ ሁለት ዓመት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። ቆጣሪ አንባቢ አያንኳኳም። አጥሩን ገፍቶ ይገባል፣ ጎንበስ ብሎ የብረት ክዳኑን ያነሳል፣ ያያል፣ ጽፎ ይወጣል። ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ ደብተራቸውን ተረከበ፤ እጃቸውን ግን የተረከበ የለም። ይኸው ሰባ አንድ ዓመት ሞልቷቸው አሁንም ዞረው የሰፈሩን ክዳን ያነሳሉ። በሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ሳይቀመጡ እሳቸው የወጥ ዕቃውን ከፍተው "ጨው ያንሰዋል" ብለው አውጀዋል። ጎረቤቴ ቡ ታርሚ አኩሪ አተሯን በሙዝ ቅጠል ሸፍና፣ ተብላልቶ ቴምፔ የሚባለው ምግብ እንዲሆንላት ስትጠብቅ፣ ቀን በቀን እየገለጡ "እስቲ ደርሷል?" ሲሏት አንድ ሙሉ ትሪ አበላሹባት። ያን ጊዜ ስቄ ነበር። የሰው ቴምፔ ሲበላሽ ማን ያለቅሳል?

የእኔ ተራ የመጣው በጌንዲስ ነው።

ጌንዲስ ማለት በእኛ ቋንቋ ስኳር ማለት ነው፤ የዚህች ስኳር አካል ግን የዘንዶ ነው። ልጄ ኪናንቲ ዘንዶ ታረባለች። "ሴት ልጅ ዶሮ ታርባ፣ ድመት ታርባ፣ እባብ ምን ያደርግላታል?" ብዬ ስንት ጊዜ ጮህኩ! ወይ ፍንክች። በዚህ ዓመት ከአሥራ አንድ እንቁላል አሥሩ ተበላሹባትና አንዷ ብቻ ተፈለፈለች። ወዲያው ደግሞ ልጄ ሰማራንግ ከተማ ሆስፒታል በነርስነት ተቀጠረች፤ ማደሪያቸው እንስሳ አያስገባም። የፕላስቲክ ሣጥኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ እጄን ያዘችኝ።

"እማዬ፣ ሌላ ምንም አልለምንሽም። እስከ ኢድ ብቻ ጠብቂልኝ።"

"ብትነክሰኝስ?"

"አትነክስሽም፤ እሷ ናት የምትፈራሽ። በሳምንት አንዴ የአይጥ ግልገል ሞቅ አድርገሽ ስጫት። ጨለማ ትወዳለች። ዋናው ነገር አትነካኪያት።"

ቀላል ይመስላል። ጌንዲስ ግን የመጀመሪያ ቆዳዋን ከገፈፈች በኋላ አንድም ጉርሻ አልቀመሰችም። በቅመም ሚዛኔ እመዝናታለሁ፤ ስትመጣ ስድሳ ስምንት ግራም ነበረች፤ በአምስተኛው ሳምንት ሃምሳ አራት ገባች። ኪናንቲ በየማታው ትደውላለች። "በላች?" "አልበላችም።" "ከሃምሳ ከወረደች አፏን በግድ ከፍቶ ማጉረስ ነው የሚቀረው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይሳካም።" እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። እባቡን ወድጄ አይደለም። ልጄ ከቤት ከወጣች ጀምሮ በየቀኑ የምትደውልልኝ ጌንዲስ ስላለች ነው። ጌንዲስ ከሞተች በምን ምክንያት ልትደውል ነው?

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ ክቡርነታቸው መምጣት ጀመሩ።

"ቡ ላስትሪ! በላች?" ይላሉ ገና ከአጥሩ። መልስ እስክሰጥ ክዳኑ ተነስቷል።

"ኧረ ይተዉት ፓክ! ግልገሏን አሁን ነው የሰጠኋት!"

"ልይ ብዬ እኮ ነው። እኔ ያላየሁት ምን አለ?"

ጌንዲስ ምላሷን እያወጣች ወደ ግልገሏ ልትጠጋ ስትል ብርሃኑ መታት። ወዲያው ተጠቅልላ ድቡልቡል ሆነች፤ ጭንቅላቷንም መሐል ቀበረችው።

"አየሽ፣ አልበላችም" አሉኝ፤ ደስ ያላቸው ይመስል።

ምክራቸው ደግሞ! ፀሐይ ላይ አውጪያት አሉኝ። በነጋታው ሐሳባቸውን ቀይረው ውሃ ውስጥ ንከሪያት አሉ። የግድግዳ እንሽላሊት ይዘው መጥተው እቤቴ ውስጥ አመለጠቻቸው፤ እስካሁን ጣራው ላይ ሆና ታሽሟጥጠኛለች። አንድ ቀን የሩዝ ገንፎ በማንኪያ ይዘው ሲመጡ ያዝኳቸው። "ስድስት ልጅ በዚህ ነው ያሳደግኩት" አሉኝ። ፍሪጄንም ሳይፈቀድላቸው ከፍተው የቀዘቀዙትን የአይጥ ግልገሎች አዩና "ቡ ላስትሪ፣ ዝንጅብልሽ ተበላሽቷል፣ ጣይው" አሉ። የልብስ ስፌት መኪናዬን እየመቱም "ይኼ ነገር ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠዋል፤ እኔም ብሆን እዚህ ላይ ተኝቼ አልበላም" አሉኝ። እንጀራዬን የምበላው ስፌት እየሰፋሁ ነው፣ ምን ላድርገው? በዚህ ጆሮዬ ሰምቼ በዚህኛው አወጣሁት።

አላርፍ ያለች ጣት ጥንብ ጠንቁላ ትወጣለች ይባላል። የእሳቸው ጣት ግን ጠንቁላ የምትወጣው የሰው አንጀት ነው።

ይኼን ሁሉ ቻልኩ። እሑድ የሆነውን ግን አልችል አልኩ።

በእኛ ሰፈር ታማሚ ብቻውን አይተውም። አንድ ሰው ሆስፒታል ከገባ ክፍት የጭነት መኪና ተከራይተን፣ እንደ ሸንኮራ አገዳ ቆመን ተጭነን ነው የምንሄደው። ጎረቤታችን ፓክ ታርጆ ሆዱን ቀዶ ጥገና በተደረገ ጊዜ ሠላሳ አራት ሆነን ገባን፤ ነርሷ ቁጥሩን አይታ በሩን ለቀቀችልን። መንገዱን ሙሉ ያማነውም እሱኑ ነው። ቢሆንም ሄደናል! ሳይጠየቅ የዳነ ሰው ቂሙ እስከ መቃብር ነው።

እና እሑድ ጠዋት በሬ ላይ አሥራ ዘጠኝ ሰው ቆሟል። ክቡርነታቸው ከፊት ናቸው፤ የክት ባቲክ ሸሚዛቸውን ለብሰዋል።

"ምንድን ነው ፓክ? ምን መጣ?"

"ጌንዲስን ልንጠይቅ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ቡ ላስትሪ። አንቺ ዝም ስላልሽ እኔ ተናገርኩልሽ።"

የመጣን ጠያቂ አልመልስም፤ የሚመልስ ሰው በዚህ ሰፈር አልተወለደም። ምንጣፍ አነጠፍኩ። ሙዝ መጣ፣ ብርቱካን መጣ፣ በቆርቆሮ ብስኩት መጣ፤ ቡ ታርሚ ቴምፔ ይዛ መጣች። እኔ አሥራ ዘጠኝ ብርጭቆ ሻይ ሳመላልስ እነሱ ተራ እየያዙ ክዳኑን ያነሳሉ።

"አይዞሽ ጌንዲስ።"

"ውይ፣ ገርጥታለች!"

"የቱ ጋ ነው የገረጣችው? ድሮም ቡኒ ናት።"

"የሰው ዓይን ነው እኮ።"

"ባሌ ሲያመው ቢያንስ ያቃስታል" አለች ቡ ታርሚ፤ "ይቺ ጨዋ ናት።"

የመጨረሻው ጠያቂ ሲያበቃ ጌንዲስን አንስቼ ሚዛን ላይ አስቀመጥኳት። ሃምሳ አንድ። ቁጥሩን አየሁት። ክቡርነታቸውም ከትከሻዬ በላይ አንገታቸውን አስግገው አዩት፤ ቁጥር ማንበብ ሙያቸው ነው።

"ሃምሳ አንድ" ብለው ለሕዝቡ አነበቡ። "ይኼ እኮ ቀላል ነው። እኔን ብትጠይቂኝ..."

ደሜ ፈላ።

"አንተ ሰውዬ!" አልኩ። ሰባ አንድ ዓመት የሞላውን ሰው፣ በአሥራ ዘጠኝ ሰው ፊት፣ አንተ አልኩት። "አንተን ማን ጠየቀህ? ገደልካት እኮ! ልትበላ ስትል ክዳን፣ ልትተኛ ስትል ክዳን! የልጄን አደራ ልታስበላኝ ነው! ሁሉን አውቃለሁ ትላለህ፣ የሰው በር ማንኳኳት እንኳ አታውቅም! ውጣልኝ!"

ሻይ የሚያማስል ሰው ማንኪያውን አቆመ። ጌንዲስን ስመልሳት ክቡርነታቸው ክዳኑን በሁለት እጃቸው አነሱና ቀስ አድርገው ገጠሙት፤ መቆለፊያዎቹን አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረጉ። የከፈቱትን ሲዘጉ ያን ቀን ነው ያየኋቸው። ከዚያ ጫማቸውን አድርገው ወጡ።

ማታ ኪናንቲ ሁሉን ሰማችና "እማዬ፣ ሰባት ቀን" አለችኝ። "ትንሽ ሣጥን ውስጥ አድርጊያት፣ ጨርቅ ጣይበት፣ ሰባት ቀን ማንም አይያት። አንቺም ጭምር።"

"እኔ መቼ አየኋት?"

"እማዬ።"

እሺ፣ አያታለሁ። ሞታ እንደሆን ብዬ በቀን ስምንት፣ ዘጠኝ ጊዜ አያት ነበር። የእኔና የእሳቸው አንድ ነው እንዴ? እኔ እናት ነኝ!

ወደ ትንሽ ሣጥን አዛውሬያት፣ ሣጥኑን ከስፌት መኪናው ጠረጴዛ አንስቼ የኪናንቲ ክፍል መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። እሳቸው ስላሉ አይደለም። ክፍሉ ስለሚሞቅ ነው።

ተናድጄ ዋልኩ፣ ተናድጄ አደርኩ። በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር ገረመኝ፤ ሰው አይመጣም። በእኛ ሰፈር ታማሚ ይዞ ሦስት ቀን ያለ ጠያቂ መዋል ተሰምቶ አይታወቅም። አኮረፉኝ ብዬ እንደገና ተናደድኩ። የኪናንቲን መስኮት በስሱ ገፋ አድርጌ ወደ መንገዱ አየሁ።

አጥሬ ሥር በፕላስቲክ በርጩማ ላይ፣ ጀርባቸውን ለቤቴ ሰጥተው፣ ፓክ ሙጊዮኖ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ቡ ታርሚ ሙዝ ይዛ ቆማለች።

"ወዴት ነው?"

"ጌንዲስን ልጠይቅ።"

"ተኝታለች። ጠያቂ አይገባም።"

"ማን አለ?"

"እኔ አልኩ። ሙዙን እዚህ ተዪው።"

"እርስዎስ ገብተው አይተዋታል?"

"እኔ አልገባም።"

ቡ ታርሚ ሳቀች። "እርስዎ የማይገቡበት ቤት አለ እንዴ?"

"አሁን አለ" አሉ።

መስኮቱን ዘጋሁት። ጥሪ የለ፣ ትእዛዝ የለ፤ ሰውዬው ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ሲበላቸው ይውላሉ! ማን ዘበኛ ይሁኑ አላቸው? በአራተኛው ቀን ዝናብ ዘነበ፤ ጃንጥላ ይዘው ቁጭ ብለዋል። ሻይ ልላክላቸው ብዬ ብርጭቆ አነሳሁና መለስኩት። ገና አልበረደልኝም ነበር። ይቅርታ ደግሞ አፌ ላይ መጥቶ አያውቅም፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች።

በሰባተኛው ቀን አንዲት ግልገል በሙቅ ውሃ አሙቄ፣ አድርቄ፣ በወረንጦ ይዤ አስገባሁላትና ክዳኑን ዘጋሁ። ጨርቁን ጣልኩበት። ከጎኑ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት አለፈ። ውስጡ ድምፅ የለም። ሞታ ቢሆንስ? አንዴ ብቻ፣ በጥቂቱ፣ ጠርዙን ብቻ ብዬ ከወንበሬ ስነሳ እጄ ጨርቁ ላይ ደርሳለች።

"ቡ ላስትሪ!" አለ ከመስኮቱ ማዶ ድምፅ። "እንዳታነሺው!"

"ምን አነሳሁ?"

"ወንበርሽ ሲንቋቋ ሰማሁ። እኔ ይቺን እጅ አውቃታለሁ። ተቀመጪ።"

ተቀመጥኩ። እንዴት እንደተናደድኩ! እውነታቸውን ስለነበረ።

ምሽት ላይ የመግሪብ ሶላት አዛን ሲሰማ ክዳኑን አነሳሁ። ግልገሏ የለችም። ጌንዲስ ጥጉ ላይ ተጋድማ፣ መሐል ወገቧ ላይ አውራ ጣት የሚያህል እብጠት አውጥታ፣ እኔን ከቁብም አልቆጠረችኝ። ኪናንቲ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ላይ ጮኸች፣ አለቀሰች፣ ሳቀች። ከዚያ "አንቺስ እማዬ፣ በላሽ?" አለችኝ። ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመስኩ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

መስኮቱን ከፍቼ "በላች!" ብዬ ጮህኩ። በርጩማው ላይ ያለው ጀርባ ቀና አለ። ዘወር አላሉም። "አውቅ ነበር" አሉ፤ በርጩማቸውን አንጠልጥለው፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በበነጋታው ሩዝ ጥጄ ሳለ በሬ ተንኳኳ። ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ። በዚህ ሰፈር ማን ያንኳኳል? መርዶ ነው ወይ ፖሊስ ነው አልኩ። ሮጬ ስከፍት ፓክ ሙጊዮኖ ጫማቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ እንደ አማች ቆመዋል።

"ልግባ?" አሉኝ።

ያን ሁሉ ሳምንት የተናደድኩት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ይኼን ሁሉ ዓመት ቤቴን ገፍተው የገቡ ሰው ዛሬ በእኔ ምላስ እንግዳ ሆነው ደጃፌ ላይ ይቆማሉ!

"ምን ያንኳኳሉ?" አልኩ፤ ድምፄ ሰፈሩን ሞላው። "ከመቼ ወዲህ? ባዳ ነዎት እንዴ? ይግቡ እንጂ!"

ገቡ። የኪናንቲን ክፍል ዝም ብለው አለፉት። ቀጥ ብለው ወደ ማድቤት ሄዱና የሩዙን ድስት ክዳን አነሱ።

"ውሃ አብዝተሽበታል" አሉ።

ሁለት ሳህን አወጣሁ።